የሮም ዝግ በሮች፦ ዘወትር የማይከፈቱ ታሪካዊ ሕንፃዎችን ስለመጎብኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮም ለምትሄዱም፣ እዚያው እየኖራችሁ በየቀኑ በአጠገባቸው ለምታልፉም። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ሕንፃዎች ለምን ዝግ ሆኑ?

አንዳንዱ ቤት ሥራ ላይ ነው። ፓላዞ (ትልቅ የከተማ ቤት) ከሚባሉት ፓላዞ ፋርኔዜ የፈረንሳይ ኤምባሲ ነው። ኩዊሪናሌ የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት፣ ፓላዞ ማዳማ ደግሞ የሴኔቱ መቀመጫ ነው። አንዳንዱ የሰው መኖሪያ ነው፤ የኮሎና ቤተሰብ ለዘመናት ከኖረበት ፓላዞ ዛሬም አልወጣም። ከመሬት በታች ያሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሰው በበዛ ቁጥር ሙቀቱና እርጥበቱ ይለወጣል፤ ያኔ የግድግዳው ሥዕል ይላላጣል።

በሩ ለምን እንደተዘጋ ካወቃችሁ፣ እንዴት እንደሚከፈት ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው። ኤምባሲና ቤተ መንግሥት የሚፈልጉት ማንነታችሁን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ባለቤት ያለው ቤት ለባለቤቱ በሚመቸው ቀን ይከፈታል። የመሬት ውስጡ የሚቆጥረው ራስ ነው፤ ኮታው ካለቀ አለቀ።

ብዙዎቹ አንድ ላይ የሚከፈቱበት ቀን አለ?

አለ። ዋናው የፋይ የፀደይ ቀናት ይባላል። ፋይ በ1975 የተቋቋመ የጣሊያን የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማርች ውስጥ ቅዳሜና እሑድ፣ በመላ አገሪቱ ዝግ የሆኑ ቦታዎችን ያስከፍታል። በኦክቶበርም የመኸር ቀናት የሚባል አለው። ብዙ ቦታ ላይ የሚያስጎበኟችሁ ለዚሁ የሠለጠኑ የአካባቢው ተማሪዎች ናቸው። የሸመደዱትን እንዳይረሱ ሲጣደፉ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል።

ሮም ብቻዋን ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ኦፕን ሃውስ ሮማ የተባለ ዝግጅት አላት፤ በአብዛኛው በሜይ ነው። ይሄኛው አዳዲስ ሕንፃዎችን፣ የአርክቴክቶችን ቢሮና የግል መኖሪያ ቤቶችንም ይጨምራል። በሴፕቴምበር የአውሮፓ የቅርስ ቀናት ይከበራሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በፋይ ቀናት ስሙ የገነነውን ቦታ ተዉት። ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ይሄዳል፤ የድርጅቱ አባላትም ቅድሚያ ያገኛሉ። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁትን ምረጡ፣ በሩ ሳይከፈትም ድረሱ። ዝርዝሩ የሚወጣው ቀኑ ሲቃረብ ስለሆነ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣችሁ የምትመጡ ከሆነ ትንሽ ቁማር አለበት።

ስንት ያስከፍላሉ?

ብዙዎቹ ከኮሎሲየም ይረክሳሉ። ኦፕን ሃውስ ነፃ ነው። ፋይ በር ላይ የፈቃድ መዋጮ ይጠይቃል፤ ጥቂት ዩሮ ጣል አድርጋችሁ ትገባላችሁ። ኩዊሪናሌ የቀጠሮ ማስያዣ ትንሽ ክፍያ ብቻ አለው። ወደድ የሚሉት የግል ፓላዞዎቹና የቫቲካኑ የመሬት ውስጥ መቃብሮች ጉብኝት ናቸው። ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከቦታው ከራሱ ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ።

ቀጠሮ እንዴት ልያዝ?

በድረ ገጽ ወይም በኢሜይል። ስም፣ የሰው ብዛት፣ የምትፈልጉት ቋንቋና የምትመቹባቸው ቀናት ይጠየቃሉ። አንድ ቀን ብቻ ከምትሰጡ ሦስት አራት ቀን አማራጭ ስጡ። ለኩዊሪናሌ ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ማስያዝ ያስፈልጋል። ለፋርኔዜና ለቫቲካን መቃብሮች ግን ሳምንታት፣ በፋሲካና በሮም የሙቀት ወራት ከዚያም በላይ ቀደም ማለት ይበጃል።

ሐበሻን የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። ቅጹ ላይ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ለየብቻ ይጠየቃል። ፓስፖርታችሁ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ስፔሊንግ ሙሉ። የአያት ስም አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ከቀረ በር ላይ ያለው ዘበኛ ዝርዝሩ ውስጥ ያጣችኋል። ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ የእናንተ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የማረጋገጫ ኢሜይሉ 10:30 ካለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ከአዲስ አበባ ለመጡ አባትና እናት ቀጠሮ ስትይዙ ስልካቸው ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው።

ጣሊያንኛ አልችልም፤ ይከብደኛል?

ለመግባት አይከብድም፤ ለመስማት ግን ይወሰናል። የቫቲካን መቃብሮች ጉብኝት በበርካታ ቋንቋዎች ይሰጣል፣ እንግሊዝኛም አለ። ፋርኔዜ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ያስጎበኛል። የመንግሥት ቤቶቹና የፋይ ቀናት በአብዛኛው በጣሊያንኛ ናቸው። በአማርኛ የሚያስጎበኝ አትጠብቁ። ሮም ያደገ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ብዙውን ጊዜ እሱም ገብቶ አያውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ልምረጥ?

ፓላዞ ኮሎናን። ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታል፣ መሃል ከተማ ነው፣ ውጣ ውረድ የለውም። ትልቁ ጋለሪ ጣሪያው በሥዕል፣ ግድግዳው በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያብረቀርቃል። እናንተ ግን ወደ ታች ተመልከቱ። የእብነ በረዱ ደረጃ ላይ አንድ የመድፍ ጥይት ተጋድሟል። በ1849 የፈረንሳይ ጦር የሮም ሪፐብሊክን ከብቦ ሲደበድብ ከጃኒኮሎ ኮረብታ ተተኩሶ ገባ፣ ደረጃውን ሰብሮ እዚያው ቀረ። ቤተሰቡ አላነሳውም። የተሰበረውም ደረጃ እንደተሰበረ ነው። ለኔ ከጋለሪው ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ ስለ ቤቱ ሰዎች የነገረኝ ያ ጥይት ነው።

ቀናችሁ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ከዋለ ደግሞ ከኩዊሪናሌ አለፍ ብሎ ካዚኖ ዴላውሮራ ፓላቪቺኒ አለ። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ቁማር ቤት ሳይሆን የመኳንንት የአትክልት ቤት ነው። ሠዓሊው ጉይዶ ሬኒ በ1614 የሣለው የንጋት ሥዕል ጣሪያው ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት በወር አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ከጃንዋሪ 1 በስተቀር በየወሩ 1ኛው ቀን ሲከፈት ኖሯል።

ፓላዞ ፋርኔዜ ኤምባሲ ከሆነ እንዴት ያስገባሉ?

በቡድን፣ በአስጎብኚ፣ በቀጠሮ። ዋናውን መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ፎቶ ኮፒም ስልክ ላይ ያለ ምስልም አያስገባም። ትልቅ ሻንጣ አትያዙ። ኤምባሲው የራሱ ስብሰባ ወይም እንግዳ ሲኖረው ጉብኝቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ቅር አትሰኙ።

ቤቱ የፋርኔዜ ቤተሰብ ያሠራው ነው። አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ ጀመረው፣ እሱ ሲሞት ሚኬላንጄሎ ቀጠለው። ላይ ቤት አኒባሌ ካራቺ የሣለው ጋለሪ አለ፤ ሰው ሁሉ ለሱ ብሎ ነው የሚመጣው። የባለቤትነቱ ታሪክ ራሱ ያስቃል። ፈረንሳይ በ1911 ገዛችው፣ ጣሊያን በ1936 መልሳ ገዛችው፣ ከዚያ ለ99 ዓመት ለፈረንሳይ አከራየችው። ኪራዩ ለወጉ ያህል ብቻ ነው። ጣሊያንም በፓሪስ ላለው ኤምባሲዋ ተመሳሳይ ውል አላት።

ኩዊሪናሌ ውስጥ ምን ይታያል?

የሦስት ዘመን ሥልጣን በአንድ ቤት። ግንባታው የተጀመረው በ1583 ለፖፖች የበጋ መኖሪያ ተብሎ ነው። ጣሊያን ሮምን ከያዘች በኋላ ነገሥታቱ ገቡበት። ከ1946 ወዲህ የፕሬዚዳንቶቹ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ለጉብኝት ሮም ሲመጡ ቤተ መንግሥቱ የቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ነበር፤ አዳራሾቹን ስታዩ ያንን ማሰብ ይቻላል። ፍተሻው የኤርፖርት ነው። ከሰዓታችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ከመሬት በታች ካሉት የትኛው ይሻላል?

አንድ ብቻ ማየት ለሚችል ሰው የቫቲካን መቃብሮች። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ወለል በታች የሮማውያን የመቃብር መንገድ አለ። በፖፕ ፒዮስ 12ኛ ዘመን፣ ከ1940 እስከ 1949፣ ተቆፍሮ ወጣ። ግራና ቀኝ የጡብ መቃብር ቤቶች በጠባብ መንገድ ላይ ተደርድረዋል፤ ሥዕልም ሞዛይክም አላቸው። ጉዞው የሚያበቃው የቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር ነው ተብሎ የሚታመነው ቦታ ጋ ነው። ጳውሎስ 6ኛ በ1968 የሐዋርያው አፅም እንደተለየ ተናግረዋል። በቀን የሚገባው ወደ 250 ሰው ብቻ ሲሆን ቡድኑ ከ12 ሰው ብዙም አይበልጥም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ቀጠሮው የሚያዘው በቫቲካን የቁፋሮ ቢሮ በኩል ነው፤ ከሙዚየሙ ትኬት ጋር አታምታቱት።

የኔ የግል ምርጫ ግን በፖርታ ማጆሬ አጠገብ ያለው የመሬት ውስጥ ባሲሊካ ነው። በ1917 ከባቡር ሐዲዱ ሥር ያለው መሬት ሲሰምጥ ነው የተገኘው። የ1ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ጣሪያውና ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በነጭ የስቱኮ (የኖራ ልስን) ቅርጽ ተሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ምን እንደነበረ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ የፒታጎራስን ትምህርት የሚከተሉ ሰዎች መሰብሰቢያ ነበር ይላሉ። ባቡሩ ዛሬም ከላዩ ያልፋል። በወር በተወሰኑ ቀናት፣ በትንሽ ቡድን ብቻ ይከፈታል።

የንጉሠ ነገሥት ኔሮን ወርቃማ ቤት ዶሙስ አውሬያ ሦስተኛው ነው። በ64 ዓመተ ምሕረት ከደረሰው የሮም ቃጠሎ በኋላ የተሠራ፣ ተከታዮቹ ነገሥታት አፈር ሞልተው የቀበሩት ቤት። ከላዩ መናፈሻ ስላለ የዛፎቹ ሥርና ውኃው ጣሪያውን ሲያስጨንቁት ኖረዋል። ስለዚህ የራስ ቁር አድርጋችሁ ትገባላችሁ። በኦገስት እንኳ ሹራብ ያዙ፤ ውስጡ ብርድ ነው።

ልጆች ይዤ መሄድ እችላለሁ? እናቴ ጉልበቷን ያማታልስ?

ወደ ቫቲካን መቃብሮች ከ15 ዓመት በታች ያለ አይገባም። ለአባቱም ለእናቱም ብሎ የሚተው የለም፤ ልጁን ውጭ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ አትሞክሩ። መንገዱም ጠባብና እርጥብ ነው። መታፈን የሚያስፈራው፣ የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ባይገባ ይመረጣል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ኩዊሪናሌ ወይም ኮሎና ይሻላል። ቀጠሮ ስትይዙ ግን ስለ ደረጃና ስለ ሊፍት በግልጽ ጠይቁ፤ የድሮ ቤት ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ለጎብኚ በማይታይ ጓሮ በኩል ነው፣ ካልተጠየቀ አይነገርም።

ምን ልልበስ? ፎቶስ?

ቫቲካንና ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ጣል ማድረግ ይበቃል። ፎቶ ማንሳት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የመቃብር ጉብኝቱ ላይ ክልክል ነው። ኤምባሲና የግል ቤት ውስጥ አስጎብኚው ከመፍቀዱ በፊት ስልክ አታውጡ።

ቫቲካን ውስጥ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አለ ይባላል፤ እውነት ነው? መግባትስ ይቻላል?

እውነት ነው። ይህንን ከእኛ ሌላ ብዙ ሰው ስለማይጠይቀው ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ ጣሊያኖቹ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይሉታል። ፖፕ ሲክስቶስ 4ኛ በ1479 ለሐበሻ መነኮሳት ሰጡት። ሮም ለሚደርሱ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎችም ማረፊያ ሆነ። የበሩ የድንጋይ ሥራ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ከላይ በግ መስቀል ይዞ ተቀርጿል።

ትንሽ ቤት ናት፤ ግን ይህ የምታነቡት ፊደል ወደ ማተሚያ የገባው እዚህ በነበሩ ሰዎች በኩል ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከመነኮሳቱ ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ውስጥ አሳተመ፤ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በ1649 ደግሞ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተዋወቁት በዚሁ የሐበሾች ቤት ነው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ትውውቅ ፍሬ ነው።

ለመግባት ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት የለም። በቫቲካን ሙዚየሞች ድረ ገጽ የሚያዘው የአትክልት ሥፍራ ጉብኝት ከግንቡ ውስጥ ያስገባችኋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ግን የተለየ ፈቃድ ነው። የሚሻለው በሮም ባሉ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ካህናት በኩል ወይም ለኢትዮጵያ ኮሌጅ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ነው። ኮሌጁ በ1919 የተመሠረተ፣ በፖፕ ፒዮስ 11ኛ ዘመን አሁን ወዳለበት ሕንፃ የተዛወረ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለ ብቸኛ ኮሌጅ ነው። ካህናት የሚማሩበትና የሚኖሩበት ቤት መሆኑን አትርሱ። ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን ማየት እንደፈለጋችሁ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ በትሕትና ጻፉ። ሳይጽፉ በር ላይ ደርሶ “እኔ እኮ ሐበሻ ነኝ” ማለት የስዊስ ዘበኞቹን አያልፍም።

የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታስ?

ቦታው ክፍት ነው፤ ሕንፃው ነው ዝጉ። ሐውልቱ ከ1937 እስከ 2003 የቆመው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ከጥንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ከቺርኮ ማሲሞ ጫፍ ነበር። በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 ተተከለ። አሁን በቦታው የሴፕቴምበር 11 ሟቾችን የሚያስታውሱ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። ከፊት ለፊት ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን የተጀመረ ነበር፤ ከ1951 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆኗል። ጉዳይ ያለው ወይም የተጋበዘ ይገባል። ለሌላው ከውጭ ማየቱ ይበቃል፤ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወርዳችሁ ፊት ለፊታችሁ ታገኙታላችሁ።

“ሞልቷል” ብለው መለሱልኝ። ሌላ መንገድ አለ?

ቀኑ ሲቃረብ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም፤ በየጥቂት ቀኑ ደግማችሁ ተመልከቱ። የሰው ብዛትም ለውጥ ያመጣል። ለስድስት ሰው የጠፋ ቦታ ለሁለት ሰው ይገኛል። ተከፋፍላችሁ ጠይቁ።

ሻጮች ላይ ግን ተጠንቀቁ። “ፈጣን መግቢያ” እያሉ በእጥፍ የሚሸጡ ድረ ገጾች አሉ። ትኬቱ በስም ከሆነ በሌላ ሰው ስም የተገዛ አያስገባችሁም። ሕጋዊ ቡድን አስጎብኚዎችም አሉ፤ በወር በተወሰነ ቀን ብቻ የሚከፈቱ ቦታዎችን ለአባሎቻቸው የሚያስከፍቱ የባህል ማኅበራት ናቸው። ሮም የምትኖሩ ከሆነ አንዱ ጋ መመዝገብ ያዋጣል። በግል የማይገባባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በተሰባበሩ የዘይት ማሰሮዎች ክምር የተሠራው የቴስታቾ ኮረብታ፣ ብዙውን ጊዜ በእነሱ በኩል ነው የሚታዩት።

ቀጠሮ ይዤ ደርሼ ዝግ ሆኖ ባገኘውስ?

ያጋጥማል። የሥራ ማቆም አድማ፣ የመንግሥት እንግዳ፣ ከባድ ዝናብ ለመሬት ውስጡ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ኢሜይላችሁን ክፈቱ፤ ስረዛው የሚላከው እዚያ ነው። ኦገስት አጋማሽ ላይ ደግሞ ከተማው ራሱ እረፍት ላይ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ።

ያ ቀን ባዶ እንዳይሆን አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ የማልታ ባላባቶች አደባባይን እዩ። አርክቴክቱ ፒራኔዚ በ1765 ገደማ የሠራው ነው። ትልቁ በር ዝግ ነው፤ የቁልፉን ቀዳዳ ግን ማንም አልዘጋውም። አንድ ዓይናችሁን ስታስጠጉ በተከረከመ የአትክልት መስመር መጨረሻ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክክ ብሎ ይታያል። ክፍያ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ሰልፍ ግን አለ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፤ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።